ከተጠቀጠቀ ገመድ ወደ ሜካኒካል ሲል፦ ፍሳሽን የመግታት ጥበብ ታሪክ

ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 የማዕድን ጉድጓድ ውኃ ለመምጠጥ የሠራው የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደሩ ከላይ ክፍት ስለ ነበር የፒስተኑ ዘንግ የሚያልፍበት ክዳን አልነበረውም፤ በፒስተኑ ጠርዝ አየር እንዳይሾልክ የሚከለክለውም ከላዩ የሚፈስበት ውኃ ነበር። ጄምስ ዋት ግን በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ሞተር ሲሠራ፣ ሙቀት እንዳይባክን ሲሊንደሩን በክዳን ስለ ዘጋው፣ ዘንጉ ክዳኑን በስቶ የሚመላለስበትን ቀዳዳ ከእንፋሎት ፍሳሽ መጠበቅ ግድ ሆነ። ለዚህ የዋለው በቀዳዳው ዙሪያ ባለ ሳጥን ውስጥ ሞራ የጠጣ የጭረት ገመድ ጠቅጥቆ በብሎን በሚጠብቅ ቀለበት መጫን ሲሆን፣ ይህ መጠቅጠቂያ ፓኪንግ ይባላል።

የፓኪንግ ድካም ጎልቶ የታየው ዘንጉ ሳያቋርጥ በሚሽከረከርባቸው መሣሪያዎች፣ በመርከብ ፕሮፔለር፣ በፓምፕና በኮምፕረሰር ላይ ነው። ፓኪንግ ዘንጉን አንቆ በመያዝ ስለሚሠራ፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፣ ዘንጉንም ይበላል፤ ሲላላ ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህም የፓምፕ ሠራተኞች ፓኪንጉ እንዲቀዘቅዝና እንዲለሰልስ ጥቂት ጠብታ ሆን ብለው ይተዉለት ነበር። የሚንጠባጠበው ውኃ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ እንደ አሞኒያ ያለ መርዛማ የማቀዝቀዣ ጋዝ ሲሆን ግን ፍሳሹን መፍቀድ የሰውን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ሜካኒካል ሲል ችግሩን የፈታው ዘንጉን ይበልጥ በማነቅ ሳይሆን ሰበቃውን ከዘንጉ ላይ በማንሣት ነው፤ የዚህ ሙያ ትልቁ እመርታም ይህ ነው። አንድ ቀለበት ከዘንጉ ጋር ይሽከረከራል፣ ሌላው በመሣሪያው አካል ላይ ጸንቶ ይቆማል፣ ሞላና የፈሳሹ ግፊትም የሁለቱን ፊት አንዱን በሌላው ላይ ይጫኑታል፤ በዘንጉና በተሽከርካሪው ቀለበት መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ጎማ አብሮ ስለሚዞር በዘንጉ ላይ አይፋተግም። ብዙውን ጊዜ አንዱ ፊት ከካርቦን፣ ሌላው እንደ ሲሊኮን ካርባይድ ካለ ጠንካራ ቁስ ይሠራል፤ ፊቶቹም ዝንፈታቸው በብርሃን ሞገድ እስኪለካ ድረስ ጠፍጣፋ ናቸው። በፊቶቹ መካከል የሚገባው፣ ውፍረቱ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የፈሳሽ ስስ ሽፋን ያለሰልሳቸዋል፤ የሚያመልጠውም ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታይ ይተናል።

የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1990 ተሻሽሎ በአደገኛ ልቀቶች ላይ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ይህ የማይታይ ፍሳሽ እንኳ የሚለካ ሆነ፤ የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኢንስቲትዩትም በ1994 ኤፒአይ 682 የተባለውን የፓምፕ ሲል ደረጃ አወጣ። ፓኪንግ ግን ከሥራ አልወጣም፤ ጠብታው ማንንም በማይጎዳባቸው የውኃ ፓምፖች ላይ፣ ርካሽ ስለሆነና ፓምፑን ሳይፈቱ መቀየር ስለሚቻል፣ ዛሬም ያገለግላል።