መርፌዋና የሞርስ ፊደል

ከናይሮቢው ላቪንግተን በስተደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1929 ዊልሰን ኤርዌይስን በመሠረቱት በወይዘሮ ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን ስም ነው። በዚያ ዘመን አብራሪ ወንዝና የባቡር ሐዲድ እያየ ይጓዝ ነበር፤ ደመና ሲጋርደው ግን መላ ያጣል።

ችግሩን ያቃለለው የራዲዮ ምልክት ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከምድር ወደየአቅጣጫው ሞገድ ይረጫል፤ በአብራሪው ፊት ያለችው መርፌም ወደዚያው ታመለክታለች። ሲነገር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ መርፌዋን ብቻ የተከተለ ተማሪ በጎን ነፋስ እየተገፋ በጠማማ መንገድ ይጓዛል። መርፌዋ ነጎድጓድ ወዳለበት ደመና ትሳባለች፤ ሲመሽና ሲነጋ ትዋልላለች፤ ተራራም ሞገዱን እየመለሰ ያሳስታታል (ይህ ለኢትዮጵያ አብራሪ የሩቅ ወሬ አይደለም)። ከሁሉ የሚከፋው፣ ጣቢያው በድንገት ዝም ቢል መርፌዋ የምታስጠነቅቅበት ምልክት የላትም። ስለዚህ ተማሪው የጣቢያውን የሞርስ ፊደል ሳያቋርጥ እንዲያደምጥ ይገደዳል።

ዛሬ እነዚህ ጣቢያዎች በብዙ አገር እየተዘጉ ነው። የሳተላይት ምልክት ሊታወክ እንደሚችል በተደጋጋሚ እየታየ ትምህርቱን ጨርሶ መተው ግን ችኮላ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1957 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት ዓለማየሁ አበበ በዲሲ 3 ሲበሩ፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ሳተላይት በሰማይ ላይ አልነበረም።