አውቆ የሚወድቅ

«ሞያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን ያገሬ ሰው ሳይሆን እንግሊዛዊው የሆሊውድ ተዋናይ ባዚል ራትቦን ነው። በጥንቱ የሆሊውድ ሲኒማ ሰይፍ የመዘዘ ተዋናይ ብዙ ነበር፤ ሰይፍን በእውነት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው ራትቦን ሲሆን፣ የሥራ ድርሻው ደግሞ፣ ነገሩ ቢያስገርምም፣ መሸነፍ ነበር።

ራትቦን እ.ኤ.አ. በ1892 በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ተወለደ፤ ያደገው በእንግሊዝ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ልቡ ያለው ከቲያትር ዘንድ ቢሆንም፣ አባቱን ላለማስከፋት ሲል ለጥቂት ጊዜ በኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ቀን የሰው ገንዘብ እየቆጠርኩ ማታ ግጥም ለምሞክረው ለእኔ፣ ይህች የሕይወት ታሪኩ ክፍል በጣም ትቀርበኛለች። በ1911 በኢፕስዊች ከተማ በሼክስፒር ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ራትቦን የሊቨርፑል ስኮቲሽ መኮንን ሆኖ ወደ ምዕራቡ ግንባር ዘመተ። በ1918 ታናሽ ወንድሙ ጆን በዚያው ጦርነት ወደቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራትቦን በጠራራ ፀሐይ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ተከናንቦ፣ በደረቱ እየተሳበ ወደ ጠላት ምሽግ ለስለላ ገባ። ለዚህ ጀብዱው ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳይ ተሸለመ። እንግዲህ ኋላ በካሜራ ፊት ደጋግሞ የሞተው ሰው፣ ሞትን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሆሊውድ ከገባ በኋላ፣ ቤልጂማዊው የሻሞላ መምህር ፍሬድ ኬቨንስ ያቀናበራቸውን ታላላቅ ፍልሚያዎች ተጫወተ። ኬቨንስ የሚያስተምረው ነገር ለመናገር ቀላል፣ ለማድረግ ግን ከባድ ነው። በእውነተኛው የሻሞላ ውድድር እጅ የሚንቀሳቀሰው በጥቂቱ ነው፤ ተፋላሚው ሐሳቡን ይደብቃል። በፊልም ግን ተመልካቹ ሊከተለው ይገባልና እንቅስቃሴው ሁሉ ይሰፋል፤ ሆኖም ከሥርዓቱ መውጣት የለበትም። እያንዳንዱ ምትና መከታ እንደ ጭፈራ አስቀድሞ ይጠናል። ከሁለቱ አንዱ ቢዘነጋ፣ ዓይኑን ወይም ፊቱን የሚያተርፍለት የሌላኛው ዕውቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የፍልሚያው ሸክም የሚያርፈው በአዋቂው ትከሻ ላይ ነው።

ያ አዋቂ በ1935 «ካፕቴን ብለድ» በተሰኘው ፊልም በባሕር ዳርቻ ላይ በወጣቱ ኤሮል ፍሊን እጅ ወደቀ። በ1938 በ«ሮቢን ሁድ» ፊልም፣ በዚያው በፍሊን እጅ፣ በቤተ መንግሥት ውስጥ ሞተ። በ1936 በ«ሮሚዮና ጁልየት» ቲባልትን ሆኖ መርኩሺዮን ገደለና፣ እፎይ ሳይል ሮሚዮ ገደለው። ለዚህ ትወናው ለኦስካር ቢታጭም ዋልተር ብሬናን ወሰደበት፤ በ1938 በሌላ ፊልም ዳግመኛ ታጨ፤ አሁንም የወሰደው ብሬናን ነው! ሽንፈት ከፊልሙ ወጥታ እስከ አዳራሹ ተከተለችው ያሰኛል።

ከሁሉ የማልጠግበው ግን በ1940 የተሠራውን «የዞሮ ምልክት» ነው። ራትቦን የ48 ዓመት ሰው፣ ባላጋራው ታይሮን ፓወር የ26 ዓመት ጎረምሳ ናቸው። ፍልሚያው ከመጀመሩ በፊት ራትቦን ሰይፉን ሰንዝሮ የአንዱን ሻማ ጫፍ ይቀነጥሳል። ፓወርም በተራው በሌላው ሻማ ላይ ይሰነዝራል፤ ሻማው ግን እንደበራ ቆሟል፤ የሳተ ይመስላል። ከዚያ ፓወር ቀረብ ብሎ የተቆረጠውን ጫፍ በእጁ ብድግ ያደርገዋል። ሰይፉ አልፎ ሄዷል፤ ሻማው ግን አልተነቃነቀም።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ሰሙንና ወርቁን እንለይ። በታሪኩ ውስጥ ሞያውን በልቡ የደበቀው ዞሮ ነው። ከታሪኩ ውጭ ግን ድብቁ ባለሞያ፣ የመጀመሪያውን ሻማ ሲቀነጥስ ትዕቢተኛ መስሎ የታየውና ጥቂት ቆይቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚሞተው ሰው ነው። ፓወርም ቢሆን ሰነፍ አልነበረም፤ ራትቦን ራሱ በሰይፍ አያያዙ ከፍሊን አብልጦ አድንቆታል። ተሸናፊ ሆኖ ሳለ አሸናፊዎቹን የሚመዝን እርሱ ነበር።

ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ፣ በ1956 ለሕዝብ በቀረበው «ዘ ኮርት ጄስተር» በተሰኘው አስቂኝ ፊልም፣ ከኮሜዲያኑ ዳኒ ኬይ ጋር ተፋለመ። ፍልሚያው በእነዚያ በቀደሙት ፍልሚያዎቹ ላይ የሚያላግጥ ነበር፤ በመጨረሻም በድንጋይ መወርወሪያ ተስፈንጥሮ ባሕር ውስጥ ይገባል። ክብሩን የሚፈራ ሰው ይህን እሺ አይልም። ሞያው በልቡ ያለ ሰው ግን ቢሳቅበት የሚጎድልበት ነገር የለም።

ራትቦን በ1967 በኒው ዮርክ አረፈ። እኛ ከሲኒማው ስንወጣ የምንሸከመው የአሸናፊውን ስም ነው። ነገር ግን ያ ጎረምሳ ጀግና እንዲመስል፣ ፊቱም ሳይጫር ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደረገው ሌላ እጅ ነበር። ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን ለማየት ዕድል ያገኛችሁ እንደሆነ፣ የሚገድለውን ተዉትና የሚወድቀውን ሰው እጅ ተመልከቱ።