ዝንብ ያልነካው ሥጋ

በጣሊያን አገር፣ በፍሎረንስ ከተማ፣ ፍራንቼስኮ ሬዲ የሚባል ሐኪም ነበር። የቱስካኒ መሳፍንት ባለሟል ነው፤ ግጥም ይጽፋል፣ የእባብ መርዝ ይመረምራል፣ በዓይኑ ያላየውን ነገር እሺ ብሎ አይቀበልም።

በዘመኑ የበሰበሰ ሥጋ ከራሱ ትል ይወልዳል ይባል ነበር። ከግሪኩ ፈላስፋ ከአሪስቶትል ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እምነት ነው። ቫን ሄልሞንት የተባለ የብራስልስ ሊቅማ የአይጥ አሠራር ሳይቀር ጽፏል፤ ያደፈ ሸሚዝና ስንዴ አንድ ዕቃ ውስጥ ብትከቱ በ21 ቀን አይጥ ይሆናል! አይጧ ስንዴው ሸቷት መጥታ እንደሆነስ? ይህን የጠየቀ ብዙም አልነበረም።

ሬዲ ግን የግሪኩን ባለቅኔ ሆሜርን አንብቧል። ኢሊያድ በተባለው ግጥሙ ውስጥ ጀግናው አኪሌስ በሞተው ወዳጁ ቁስል ላይ ዝንብ ገብቶ ትል እንዳያፈላበት ይሰጋል። ሬዲም ትሉን የሚያመጣው ዝንብ ይሆን ብሎ ጠረጠረ።

በሐምሌ ሙቀት አፋቸው ሰፋ ያሉ አራት ብልቃጦች አዘጋጀ። በአንዱ እባብ፣ በአንዱ የወንዝ ዓሣ፣ በአንዱ ከአርኖ ወንዝ የወጣ እባብ መሳይ ዓሣ፣ በአንዱ የጥጃ ሥጋ ከተተና አፋቸውን በወረቀትና በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ሌሎች አራት ብልቃጦችም እንዲሁ ሞላ፤ እነዚህን ግን ክፍት ተዋቸው። በክፍቶቹ ዝንብ እየገባ እየወጣ ትሉ ተርመሰመሰ። በታሰሩት ውስጥ አንድም ትል የለም።

አየር ታፍኖ ነው ቢሉትስ? ለዚህም መላ አለው። ከኔፕልስ የመጣ ስስ ሻሽ አምጥቶ ሸፈነበት። አየሩ ገባ፣ ዝንቡ ውጭ ቀረ፤ ሽታው ስቦት እንቁላሉን ሻሹ ላይ ጣለ እንጂ ሥጋው ላይ አልደረሰም። ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1668 በመጽሐፍ አወጣው።

ነገሩ የሚጣፍጠው ግን እዚህ ላይ ነው። የተሸፈነውም ሥጋ ትል ባይወጣውም በስብሶ ከርፍቷል! ታዲያ ማን አበሰበሰው? መልሱ ወደ 200 ዓመት ግድም ቆየ። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር መረቅ አፈላና አንገቱ እንደ ዳክዬ አንገት በተጠማዘዘ ብልቃጥ አስቀመጠ። አየር ይገባል፤ አቧራው ግን መታጠፊያው ላይ ይቀራል። መረቁ ሳይበላሽ ሰነበተ። ብልቃጡን አዘንብሎ መረቁን ከአቧራው ሲያነካካው ግን በቀናት ውስጥ ደፈረሰ። አበስባሾቹ በአቧራው ላይ የተሳፈሩ፣ ዓይን የማያያቸው እንደ ባክቴሪያ ያሉ ረቂቅ ሕያዋን ነበሩ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1862 ሸለመው።

እንግዲህ ሥጋውን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጨርቅ ዝንብን እንጂ ባክቴሪያን አይከለክልም። ወይ ቶሎ ብሉት፣ ወይ ፍሪጅ ክተቱት፣ ወይ ቋንጣ አድርጉት።