ወደብና ከተማ፣ ባሕር ለሌለን ለእኛም

በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባሎች «ቤታችንን ሽጠን ሞያሌ እንግባ፣ የዚያ ኬላ እኮ ወደብ ማለት ነው» ሲሉ ሰማን። ስለዚህ ስለ ወደብና ስለ ከተማ የምናውቀውን ልንጽፍ ተነሣን። የነገሌ ሰው ስለ ወደብ ምን አገባው የሚል ቢኖር አንቀየምም።

አስቀድመን ምጽዋን እንይ። አሮጌው ከተማ ያለው ደሴት ላይ ነው። መርከብ የሚጠጋው እዚያ ስለሆነ መጋዘኑም፣ ጉምሩኩም፣ ሱቁም እላዩ ላይ ተጨናንቆ ተሠራ። ውሃ ግን የለም! ድሮ ሀብታሞቹ ነጋዴዎች ቀን ደሴቱ ላይ ሲነግዱ ውለው ማታ ውሃ ወዳለበት ወደ እምኩሉና ወደ ሕጡምሎ ይሻገሩ ነበር። በ1860ዎቹ ባሕሩ በድንጋይ ተደልድሎ ደሴቶቹ ከየብስ ጋር ተያያዙ፤ ከዚያ ወዲያ ከተማው ያንን ቀጭን መንገድ ይዞ አደገ።

ወደብ ከተማ የሚሠራው ባሕር ዳር ብቻ አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ባቡር ሐረር ይገባል ሲባል ተራራው ከበደው። በ1895 ዓ.ም. ከታች ሜዳው ላይ ደረሰና ድሬዳዋ ተወለደች፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው። ጣቢያው ባለበት በከዚራ በኩል ቀጥ ያለ ጎዳና ከነዛፉ፣ ከደቻቱ አሸዋ ማዶ ደግሞ መጋላ ከነገበያው። ሐረር ያን ያህል ዘመን የንግድ ከተማ ሆና ሳለች ንግዱ ቁልቁል ወረደባት። እኛንም ያሳሰበን ይኸው ነው።

ነገሌንም የወደብ እጅ አልሳታትም። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ ከተማችንን ሲይዝ መኪናውም ቤንዚኑም የመጣለት በሞቃዲሾ ወደብ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማችን የኖረችው በመንገድና በከብት ገበያ ነው። መዝገብ ቤት ስንሠራ ለቦታ የሚገባው ማመልከቻ ሁሉ «መንገድ ዳር ይሰጠኝ» የሚል ነበር።

ወደ ሞያሌ እንመለስ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር ኬላው ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የኬንያው የላሙ ወደብ የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያ ተከፈተ። ታዲያ የጋራ ኬላ ማለት መኪናው ሁለት ቦታ መፈተሹ ቀርቶ አንዴ ተፈትሾ ይለፍ ማለት ነው። ለነጋዴው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሆቴሉም፣ ሻይ ቤቱም፣ አልጋ አከራዩም የሚበላው ከሚጠብቀው ሾፌር እኮ ነው። ሾፌሩ ካላደረ ማን ይተኛበታል? ውሃውም እንደ ምጽዋ ችግር ነው፤ የሞያሌን ሰው ጠይቁ።

አትሂዱ አላልንም። ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ግን አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ ተከራይታችሁ እዩት። ለሚሄዱትም መዋጮው በየወሩ በሰው እጅም ሆነ በባንክ ከደረሰን ስማቸው ከመዝገባችን አይሰረዝም፤ ሐዘን ሲደርስም ድንኳኑ እዚሁ አለ።