ምራቂውን ማን ይከፍለዋል?

አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በስልክ ከሚያማክሩን ጉዳዮች አንዱ የክሬዲት ካርድ ነገር ሆኗል። «ካርዱን ከያዝኩት አስራ አምስት ዓመት አለፈኝ፤ በተጠቀምኩ ቁጥር ነጥብ ይሰጠኛል፣ ግን በየዓመቱ ያስከፍለኛል፤ ልሰርዘው ወይስ ይቆይ?» ይላሉ። እኛ ደግሞ ካርድ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የሞባይል ካርድና የክሊኒክ ካርድ ስለሆነ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብለን ወሬ እንቀይራለን።

ቀረብ ብለን ስናየው ግን ጥያቄው እንግዳ አይደለም። እዚሁ ሽሮ ሜዳ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳርና ዳር፣ ሰው ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የእኛው ካርድ ከፕላስቲክ ሳይሆን ከወረቀት መሠራቱ ብቻ ነው። ጫፉ የታጠፈ፣ ዘይት የነካው፣ ከሱቁ ሚዛን አጠገብ የማይጠፋ ባለመስመር ደብተር። ስሙ ዱቤ ነው። ነጥቡ ደግሞ ምራቂ ይባላል።

ምራቂ ገዢው ከከፈለበት በላይ ሻጩ ጣል የሚያደርግለት ነገር ነው። ስኳሩ ላይ አንድ ጭብጥ፣ ሽንኩርቱ ላይ አንድ ራስ፣ የተላከው ልጅ እጅ ላይ አንድ ከረሜላ። ምራቂ በአብዛኛው ለመንገደኛ ሳይሆን ለደንበኛ ነው፤ ደንበኛ የሚኮነው ደግሞ በመቆየት ነው። ስለዚህ «ደብተሩን እንዝጋው?» ሲባል የሚዘጋው ሂሳብ ብቻ አይደለም፤ በዓመታት የተገዛ ስምም አብሮ ይዘጋል። እስቲ ወደ ኋላ ሄደን ይህ ስም በማን እጅ ሲጻፍ እንደኖረ እንይ።

አገራችን ሳንቲም ከመልመዷ በፊት በጨው ትገበያይ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የሚወጣውን አሞሌ፣ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሳይቀር ገንዘብ መሆኑን መስክሮለታል። በኋላ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር መጣ። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ብትሞትም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖረ። ችግሩ ከሁለቱ መካከል ነበር። ጠገራ ለዕለት ጉርስ በጣም ትልቅ ነው፤ አሞሌ ደግሞ ይሰበራል፣ እርጥበት ይበላዋል። ዝርዝር በሌለበት ገበያ «ያዝልኝ፣ ሲጠራቀም እከፍላለሁ» ማለት ድህነት ብቻ ሳይሆን ብልሃትም ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ የአቢሲኒያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባንኩ ግን የቤተ መንግሥትና የትልልቅ ነጋዴዎች እንጂ የሰፈር ሰው ደጃፍ አልነበረም። ለሰፈር ሰው ባንክ የሆነው ሱቅ ነው። ከየመን የመጡ ነጋዴዎች በየሰፈሩ ሱቅ ከፈቱ፤ አዲስ አበቤም «ዐረብ ቤት» አለው። እያደር የጉራጌ ነጋዴዎች ሱቁንም ደንበኛውንም ተረከቡ። ደሞዝተኛው ወሩ እስኪሞላ በደብተር ይበላል፤ ደሞዝ ሲወጣ ይከፍልና በማግስቱ አዲስ ገጽ ይጀምራል። ጠንቃቃ ቤት ደግሞ ሁለተኛ ደብተር አለው፤ ልጁ ሲላክ ይዞት ይሄዳል፣ ባለሱቁ በሁለቱም ላይ ይጽፋል። ይህቺን ሁለተኛ ደብተር ያዙልን፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሽሮ ሜዳ ግን ከስኳርና ከዘይት ሌላ የራሷ ደብተር አላት። የክር ደብተር!

የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡቡን ካስገበረ በኋላ ከጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ ከተማ መምጣት ጀመሩ፤ ጉለሌና ሽሮ ሜዳም ዋና መኖሪያቸው ሆኑ። ከተሜው ሁሉንም «ዶርዜ» ይበላቸው እንጂ ከሌሎች የጋሞ አካባቢዎች የመጡት ብዙ ናቸው። የሸመኑትን ለብሶ እነሱን የሚሰድብም አልጠፋም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ የት ደርሶ እንደነበር ይነግረናል። እንዲህ የሚናቅ፣ ለመያዣ የሚሆን ቤትም መሬትም የሌለው ሰው ባንክ ገብቶ ማንን ያናግራል?

ሸማኔ ደግሞ ከመሸጡ በፊት መግዛት አለበት። ድሩ፣ ማጉ፣ ለጥለቱ ባለቀለሙ ክር፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ሸማው እስኪያልቅ ቀናት ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ቤተሰብ ይበላል። ስለዚህ ክር ነጋዴው በዱቤ ይሰጣል፣ ሸማኔው ሸምኖ ይመልሳል። ከቆየና ከታመነ ምራቂም አለው፤ ለአውዳመት ቅድሚያ ብር፣ ገበያ በቀዘቀዘበት ክረምት ትዕግሥት። እዚህ ድረስ ከሱቁ ደብተር ጋር አንድ ይመስላል።

የሚለያዩት ያለቀው ሸማ ሲሸጥ ነው። ክር ያበደረው ነጋዴ ራሱ ገዢ ከሆነ ዋጋ ቆራጩም እሱ ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላ። ገበያ ላይ 2,000 ብር የሚያወጣ ነጠላ ለአበዳሪው በ1,700 ብር ቢሰጥ፣ 300 ብሩ ወለድ ነው። ደብተሩ ላይ ግን ወለድ የሚል ቃል የለም። ለበዓል የ100 ብር ምራቂ ቢጨመርለት እንኳ ከራሱ 300 ብር ላይ ተቆርጦ የተመለሰለት ነው። እርግጥ ነጋዴውም በባዶ አይደክምም፤ ያልተሸጠ ሸማ እጁ ላይ ይቀራል፣ ክር ወስዶ የሚጠፋበትም አለ። ሸማኔውም ቢሆን ሂሳቡ ጠፍቶት አይደለም፤ መሄጃ ስላጣ ነው።

«ሕግ የለም እንዴ?» ካላችሁ፣ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 በገንዘብ ብድር ላይ ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚይዘው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ነው፤ ነጠላው ውስጥ የተሸመነውን ወለድ በምን ዓይኑ ይየው?

ደርግ ሲመጣ ደብተሩ መልኩን ቀየረ። ሸማኔው በማኅበር ተደራጀ፣ ክርም በማኅበር በኩል ይከፋፈል ጀመር። ስኳርና ሳሙና ደግሞ ከቀበሌ ሕብረት ሱቅ በኮታ ሆነ። ያኔ እንግዲህ ወላጆቻችንም «ባለካርድ» ነበሩ ማለት ነው! ነጥብ የለው፣ ምራቂ የለው፣ ወረፋ ብቻ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነጋዴው ሲጠናከር ደብተሩም አብሮት ተጠናከረ። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በር ከፈተ፤ መያዣ የሌለው ሰው በቡድን ዋስትና መበደር ቻለ። ያም ሆኖ ሃያ ዓመት ክር በዱቤ ወስዶ አንድ ቀን ያልቀረ ሸማኔ አዲስ አበዳሪ ዘንድ ሲቀርብ እንደ አዲስ ሰው ይታያል። የሃያ ዓመት ስሙ ከነጋዴው ሱቅ አይወጣማ!

አሁን ከሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች ጥቂት እንራመድ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ አጥር ላይ እንደርሳለን። ከአጥሩ ባሻገር ያለው አገር ይህን የስም ነገር እንዴት አደረገው? (ከዚህ በታች እስከ ስልኩ ድረስ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1950 ዳይነርስ ክለብ ሬስቶራንት የሚበሉበትን ካርድ አመጣ። በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬስኖ በተባለች ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች ሳይጠይቁት ካርድ ላከላቸው፤ ያ ካርድ በ1976 ቪዛ ተብሎ ተሰየመ። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ብዙ ለሚበር ደንበኛ ማይል መቁጠር ጀመረ፤ በ1987 ደግሞ ከሲቲባንክ ጋር ሆኖ ማይሉን ካርድ ላይ አመጣው። ምራቂ በኢንዱስትሪ ደረጃ ማለት ይኸው ነው።

በ1989 ደግሞ ፋይኮ የተባለው የብድር ነጥብ መጣ። የሰውየው ደብተር ከአንድ ሱቅ ወጥቶ ሁሉም አበዳሪ የሚያየው ቁጥር ሆነ። ከነጥቡ 35 በመቶው በጊዜ መክፈል፣ 30 በመቶው የዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው የቆይታ ዘመን ነው። እንግዲህ ለዘመዶቻችን የምንለው አገኘን። አሮጌ ካርድ ሲዘጋ የተፈቀደው የብድር ጣሪያ ስለሚቀንስ ሌላው ዕዳ ጎልቶ ይታያል። ቆይታው ግን በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በሰላም የተዘጋ ሂሳብ መዝገቡ ላይ እስከ አስር ዓመት ይቆያል። ዓመታዊ ክፍያው ከምታገኙት ነጥብ ከበለጠ፣ ከመሰረዛችሁ በፊት ያለ ክፍያ ወደሚያዝ ካርድ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ የተጠራቀመውንም ነጥብ አስቀድማችሁ ተጠቀሙበት።

ምራቂውንስ ማን ይከፍለዋል? የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ይህንኑ አስልተው ነበር። ሱቁ ለካርድ የሚከፍለውን ኮሚሽን ዋጋ ላይ ስለሚጨምረው፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ሲያጣ፣ በካርድ የሚገዛው 1,133 ዶላር ያገኛል አሉ። ካርድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ገቢ ያለው ነው። ደሃው ለሀብታሙ ምራቂ ያዋጣል ማለት ነው። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ይህን ቢሰማ የሚገርመው አይመስለንም።

እኛም ዘንድ ስልኩ መጥቷል፤ የድሮ ቃላትን ይዞ። ዳሸን ባንክ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱን «አሞሌ» ብሎ ሰየመው። ሱቆች «ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ» እያሉ በሚቀልዱበት ከተማ ባንኩ «ዱቤ አለ» የሚል አገልግሎትም አመጣ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ «መላ» የተባለው አነስተኛ ብድር ተከተለ። መያዣ አይጠይቅም፤ ሰውየው በስልኩ ያንቀሳቀሰውን አይቶ ይበይናል። ለዚህ ነው ብዙ ቤት ውስጥ «ታዲያ የሱቁን ደብተር ለምን አንዘጋውም?» የሚል ወሬ የተነሳው።

ጋዜጠኝነት ያስተማሩን መምህራን «ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ ይሉን ነበር። ለዱቤ ሲሆን «ማን ጻፈው? ማንስ ያነበዋል?» ብለን እንጠይቅ። የሰፈር ሱቅ ደብተር ሁለት ከሆነ፣ ጥሬ ብር ያለን ቀንም ሌላ ሱቅ ሄደን መግዛት ከቻልን፣ አይዘጋ ባይ ነን። አነስ ይበል፣ በየወሩ ይጥራ፣ ግን ይኑር። ስልክ ከወሩ ቀን አያሳልፍም፤ ባለሱቅ ግን ቤታችን ለቅሶ መኖሩን ያውቃል።

የክሩ ደብተር ግን ሌላ ነው። ዕዳው ሸማውን የት እንደምንሸጥ የሚወስን ከሆነ፣ የሃያ ዓመት ደንበኝነት ቢሆንም መዘጋት አለበት። እንዴት? በአንድ ቀን አይደለም። ክረምት ሊገባ ሲል የዘጋ ሰው ገበያ በሞተበት ወር ያለ ክር ይቀመጣል። ጥምቀት ወይም ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ የበዓሉ ሽያጭ እጅ ላይ እያለ ነው ጊዜው። ዕቁብ ያለው ደግሞ ዕጣው ሲደርሰው ከሌላው ወጪ በፊት የአንድ ዙር ክር በጥሬ ገንዘብ ይግዛ፤ ያ አንድ ሸማ ነፃ ዋጋ ያመጣል። ቀጥሎ ዕዳውና ሽያጩ ይለያዩ፤ ለክር የሚከፈለው በብር፣ ሸማው ደግሞ ጥሩ ለከፈለ። ከሁሉ በፊት ግን ያቺ ሁለተኛ ደብተር ትምጣ። የወሰድነውም የከፈልነውም በእኛ እጅ ይጻፍ፣ ነጋዴውም ይፈርምበት። ሃያ ዓመት የታመንንበት ወረቀት የእኛም ነውና ለሚቀጥለው አበዳሪ የምናሳየው እሱን ነው።

ስልኩንም በዚሁ ዓይን እንየው። ዛሬ መላውን የሚሰጠን መዝገብ ስለ እኛ የሚያውቀውን እኛ አናነበውም፤ ወደ ሌላ አበዳሪ ይዘነው አንሄድም። ብዕሩ ከክር ነጋዴው እጅ ወጥቶ ሌላ እጅ ገባ እንጂ ገና እኛ ጋ አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ የሚጨመርልንን ምራቂ አመስግነን እንቀበል፤ ከመቀበላችን በፊት ግን ከማን ሚዛን ላይ እንደተነሳ ዞር ብለን እንይ።

ቸር ይግጠመን።