«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ የወሎ ሰው ልብሱን ከማን ገዛ?

ዒድ ሲቃረብ የቢስቲማ እናት ሒሳቧን ትጀምራለች። ሦስት ልጆች አሏት እንበል። እዚያው ከተማዋ ካለ ሱቅ ትግዛላቸው? በሐይቅ አድርጋ ደሴ ድረስ ትሂድ? ከሰልባጅ ክምር ትምረጥ? ወይስ ትልቁ ልጇ በስልኩ የሚያሳያትን የቴሌግራም ሱቅ ትመን? አንድ ሌላ ምርጫም አለ፤ ዘንድሮ ምንም አለመግዛት። ያለው ይታጠብ፣ የተቀደደው ይሰፋ፣ የትልቁ ለትንሹ ይውረድ።

ይህ ሒሳብ በወሎ መቶ ዓመት አልፎታል። በየዘመኑ አንድ ዓይነት ሱቅ ይከፈታል፣ ይገንናል፣ ይዘጋል። ገዢው ግን ሁልጊዜ ከዋጋው እኩል አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ልብሱ ቢበላሽ ሄዶ የሚወቅሰው ሰው።

የፋብሪካ ጨርቅ ሳይስፋፋ በፊት ይህ ሰው ሩቅ አልነበረም። ሴቷ ጥጡን ትፈትላለች፣ ሸማኔው ኩታና ጋቢ አድርጎ ይሠራዋል። የሸማኔው ቤት ይታወቃል። ድሩ ከሳሳ ባለቤቷ በማግስቱ ደጁ ላይ ይቆማል።

ከዚያ አቡጀዲ መጣ። ይህ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ነበር። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩን ከሚያጓጓት ነገር ዋናው ይኸው የጨርቅ ገበያ ነበር። ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካውን ገፍቶ አስወጣው። የቆላና የደጋ ሰው የሚገናኝበት የባቲ ሰኞ ገበያም ከባሕር በኩል የመጣ ዕቃ ወደ ወሎ ደጋ ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ ነበር።

አቡጀዲ ሸማኔውን ጎድቷል። ቢሆንም ሁሉንም ነገር ከገዢው እጅ አልወሰደም። ጨርቁ የሚመጣው በጣቃ ነው፤ የሚሸጠው በክንድ ተለክቶ ነው። ገዢው ወደ ብርሃን ያነሣዋል፣ ይጎትተዋል፣ በጣቱ ያሸዋል። ከዚያ በሱቁ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ለተቀመጠው ልብስ ሰፊ ይሰጠዋል። ሰፊው ይለካዋል፤ ቢጠበው ያሰፋለታል፣ ቢሰፋው ያጠብለታል። ጨርቁ የባሕር ማዶ ቢሆንም ተጠያቂው ሰው በረንዳው ላይ ነው።

በየከተማው ሱቁን የያዙት በአብዛኛው የየመን ዐረቦች ነበሩ። «ዐረብ ቤት» ሲባል ጨርቅም፣ ስኳርም፣ ዱቤም ማለት ነበር። ከእነሱ በላይ ደግሞ እንደ ሙሐመድ ዓሊ ያሉ ትልልቅ የሕንድ የንግድ ቤቶች ነበሩ። ጣልያን አገሩን ሲይዝ ሙሐመድ ዓሊን በ1929 ዓ.ም. ዘግቶ አባረረው። ትልቁ መደብር በአንድ ትእዛዝ ተዘጋ፤ የዱቤ ደብተር የያዘው ትንሹ ሱቅ ቀጠለ። የዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። ቀጥሎ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ መጣ፤ ሰው ካርዱን ይዞ ተሰለፈ። ዋጋው ርካሽ ነበር፣ ምርጫው ግን «ዛሬ ምን መጣ?» ነበር። በዚያው ዘመን ኮምቦልቻ የራሷን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገኘች፤ አንሶላና ፎጣው በብዙ ቤት ገባ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የኅብረት ሱቅ ዘመን አብሮ አበቃ። ለቀረው ጊዜ ሰው ያለቀሰለት አይመስልም። ሆኖም ደሃው ለልጁ ልብስ በተወሰነ ዋጋ የሚገዛበት በርም አብሮ ተዘግቷል።

ያንን ክፍተት የሞላው ሰልባጅ ነው። ሕጉ «ልባሽ ጨርቅ» ብሎ ይከለክለዋል፤ ከክልከላው ምክንያቶች አንዱ የአገር ውስጥ ፋብሪካን መጠበቅ ነው። ቦንዳው ግን በአፋር ቆላ በኩል መግባቱን አላቆመም፤ ጉምሩክም መያዙን አላቆመም። ሰዉ ለምን ይወደዋል? ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰልባጅ ተለብሶ፣ ታጥቦ፣ ቀለሙ ሳይለቅ የቀረ ልብስ ነው፤ ፈተናውን ሌላ ሰው ገላ ላይ አልፏል። አዲሱ ሸሚዝ በሦስተኛው እጥበት ሲተረተር ያየች እናት የሌላ ሰው አሮጌ ኮት ብትመርጥ አይፈረድባትም።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሌላ ተስፋ መጣ። በ75 ሄክታር ላይ፣ በ90 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከገቡት መካከል ለወንዶች ሱፍ ልብስ የሚሰፋ የአሜሪካ ድርጅት ነበረ። ታሪክ ተገለበጠ ማለት ነው፤ ድሮ አሜሪካ ለወሎ ጨርቅ ትልክ ነበር፣ አሁን ወሎ ለአሜሪካ ልብስ ትሰፋለች። ግን ፓርኩ የታሰበው ለውጭ ገበያ ነው። ልብሱን የሰፋችው ልጅ ከሥራ ስትወጣ የራሷን ልብስ የምትገዛው ከሰልባጅ ተራ ሊሆን ይችላል።

የባሕር ማዶ ገበያም እንደታሰበው አልጸናም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሲርስ፣ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ጄሲ ፔኒ የተባሉት የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ዕዳችንን መክፈል አቃተን ብለው ፍርድ ቤት ገቡ። ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ። ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ፋብሪካውም፣ ፓርኩም፣ የነጋዴው ሱቅም ተዘረፉ። ከተሞቹ በተለቀቁ በሳምንታት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣው ልብስ ዋጋ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ወጣ።

ዛሬ የሱቅ ኪራይ የከበደው ነጋዴ ዕቃውን ወደ ስልክ እያዞረ ነው። ይህም ቢሆን አዲስ አይደለም። ሲርስ ታላቅ የሆነው የዕቃ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለገበሬ በፖስታ እየላከ ነበር። ገበሬው ሱቁን ሳያይ አምኖ ገንዘብ የሚልከው ስለ አንድ ቃል ነው፦ ካልወደድከው ገንዘብህን እንመልሳለን። ሲርስ ያንን ትልቅ መጽሐፍ በ1985 ዓ.ም. አቆመ፤ አማዞን የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. ነው። የእኛዎቹ የስልክ ሱቆች ሥዕሉን ወርሰዋል፣ ቃሉን ግን ብዙዎቹ አልወረሱም። ከፎቶው ሥር የሚነበበው የድሮው የሱቅ ማስታወቂያ ነው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

እንግዲህ የቢስቲማዋ እናት የት ትግዛ? ታሪኩ የሚሰጣት መልስ ቀላል ነው፤ ከዋጋው በፊት «ቢበላሽ ማንን አገኛለሁ?» ብላ ትጠይቅ። ለሚበረክት ልብስ፣ በተለይ ለተማሪ ዩኒፎርም፣ ጨርቅ በሜትር ገዝቶ ለበረንዳው ሰፊ መስጠት ዛሬም ያዋጣል፤ ሰፊው ለልጁ ማደጊያ ጠርዝ ይተውለታል። የስልክ ሱቅ ክፉ አይደለም፤ አድራሻ ያለው፣ ሲጠብ የሚቀይር ከሆነ ይታመን። ካልሆነ ግን አለመግዛትም ምርጫ ነው። የተጣፈ ልብስ ነውር የሆነው በቅርቡ ነው።

ከእናትየዋ በላይ መጠየቅ ያለባቸው ግን ሌሎች ናቸው። የከተማ አስተዳደሮች አስፋልትና ሕንፃ ሲሠሩ ልብስ ሰፊውን ከበረንዳው ሲያነሡት የት እንደሚያስቀምጡት ያስቡ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ከተረፈው ምርታቸው ጥቂቱ ጣቃ በደሴ፣ በሐይቅና በቢስቲማ ሱቆች እንዲገባ መንገድ ይፈለግለት። ስኪነር ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ሊሸጥለት የመጣው ገበያ፣ ከኮምቦልቻ ሲታይ ደጃፍ ነው።