የግዳጅ ሥራ በመተማና በሽንፋ ቆላ

በመተማና በሽንፋ ቆላ የግዳጅ ሥራን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ቀዳሚው ምስክር ገበያው ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ. ም. ወደ መተማ በደረሰ ጊዜ፣ ከቡናውና ከሰሙ ጎን ሰው ሲሸጥ አይቶ በመጽሐፉ ገልጧል። ከሩቅ አገር ተነድተው ከሚመጡት ሌላ፣ የቆላው ባላገር ጉሙዝም ከደጋ በሚወርድ ዘማች እየተነጠቀ ለባርነት ይዳረግ ነበር።

ሕጉ አልጠፋም። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል የባሪያ ንግድ ተከለከለ፤ የ1916ቱ ዐዋጅ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ አዘዘ፤ የ1934ቱም ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። በ58 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መደንገጉ፣ ነገሩ በቃል ብቻ እንዳልቆመ ያስረዳል።

በሶቪየት ኅብረት ግን አስገዳጁ ራሱ መንግሥቱ ነበር፤ በ1945 ዓ. ም. በቮርኩታ የድንጋይ ከሰል ያወጡ የነበሩ እስረኞች ሥራ አቁመው ተቃወሙ፤ በጥይትም ተመለሱ።

እንግዲህ በአንዱ ስፍራ ሕግ ኀይል ሲያጣ፣ በሌላው ኀይል ሕግን ሲይዝ፣ ጭነቱ የወደቀው በሠራተኛው ላይ ነው። ስለዚህ መለኪያው የዐዋጁ ቃል ሳይሆን፣ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ለመሄድ መቻሉ ነው። ዛሬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሽንፋ የሚወርደው ደመወዝተኛ ባሪያ አይደለም፤ ቢሆንም ኑሮውን የሚያጠና ተማሪ ይህንኑ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።